የቪትዝ ወንበር በአሮጌ ሃይሉክስ፦ ይበየድ ወይስ በብሎን ይታሰር?

ጠያቂያችን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አላቸው። ከወረታ ሽንኩርትና ሩዝ እየጫኑ ባሕር ዳር ይመላለሳሉ። አስፋልቱ ምንም አይልም፤ ወደ ፎገራ ቀበሌዎች የሚያስገባው ጠጠር መንገድ ግን ወገባቸውን ጨርሶታል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከቪትዝ የወረደ ጥንድ ወንበር ገዝተው መጡ፤ እግሩ ከሃይሉክሱ ቀዳዳ ጋር አልገጥም አለ። በያጁ «ችግር የለም፣ ወለሉ ላይ እንበይደዋለን» ብሏቸዋል። ይበየድ ወይ ነው ጥያቄያቸው።

አይበየድ። የጋቢናው ወለል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ላሜራ ነው። ፋብሪካው ወንበሩን ያሰረባቸው አራት ነጥቦች ግን ከሥር በተደራቢ ብረት የተጠናከሩ፣ ዳዶ የተበየደባቸው ናቸው። ከእነሱ ውጭ ስስ ላሜራ ላይ ቢበይዱ ብየዳው ራሱ ላይለቅ ይችላል፤ ዙሪያው ያለው ላሜራ ግን ጠጠር ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወንበሩ ቁራሽ ላሜራ ይዞ ይነሳል። እሳቱ ከሥር ያለውን ቀለም ስለሚያቃጥለው ዝገት ይጀምራል። በእኛ ክረምት ደግሞ ምንጣፉ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ መበየድማ ከዚህ ይብሳል፦ ግሪሱ ይቃጠላል፣ ሐዲዱ ይጣመማል፣ ወንበሩን ቦታው ላይ የሚይዘው የሐዲዱ መቆለፊያ በአንድ በኩል ብቻ ይይዛል።

መንገዱ ይህ ነው፦ የሃይሉክሱን አራት ቀዳዳዎች እንዳሉ ይጠቀሙ፤ በእነሱና በቪትዙ ወንበር መሃል የሚገባ መሸጋገሪያ ብረት ያሠሩ። ብየዳ ካስፈለገ ከመኪናው ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ መሸጋገሪያው ላይ ብቻ ይሁን።

ብረት ከመቁረጥዎ በፊት ግን ወንበሩን ወለሉ ላይ በእንጨት ቁራጭ ደግፈው ይቀመጡበት። ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ልኩ ሰው ተቀምጦ ይወሰድ፤ ባዶ ወንበር ላይ የተለካ ከፍታ ስፖንጁ ሲሰምጥ ይለወጣል።

በራስዎና በጣሪያው መካከል ቢያንስ አንድ ጭብጥ፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ይቅር። የሃይሉክስ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ብቻውን ጉድጓድ ላይ ጭንቅላትዎን ከጣሪያው ሊያላጋው ይችላል። ጭንዎ መሪውን ሳይነካ ሦስት ጣት ያሳልፍ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቆይ፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ወንበሩ ወደ ኋላ በዝቷል። የወንበሩ መሃል ከመሪው መሃል ጋር ይግጠም። ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወንበሩ የቱንም ያህል ምቹ ቢሆን ተጣመው ነው የሚነዱት፤ ያ ደግሞ ወገብን ከአሮጌው ስፖንጅ ባልተናነሰ ይጎዳል።

አሁን ስለ ማዘንበሉ። የመቀመጫው ፊት ከኋላው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ብዙ ሰው ወንበሩን በውሃ ልክ ዝርግ አድርጎ ያስራል፤ ከዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ሳያውቀው በእግሩ እየገፋ ይነዳል። ወረታ ሲደርስ የሚሰማው ሕመም ከዚያ የመጣ ነው። ወንበር ስለለሰለሰ ብቻ አይመችም፤ ጭንን እስከ ጉልበት ጥግ መደገፍ አለበት። ከጉልበትዎ በስተኋላ ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ክፍት ይሁን።

ለመሸጋገሪያው 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። ለአንድ ወንበር ሁለት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሐዲድ ሥር፣ ከፊት ወደ ኋላ ይዘረጋል። የሃይሉክሱ ወለል በመሃል በኩል በካምቢዮው ጉብታ ምክንያት ከፍ ስለሚል የሁለቱ ከፍታ አንድ አይሆንም፤ ሁለቱን ለየብቻ ይለኩ። ቀዳዳው ለ10 ሚሊ ብሎን 10.5 ወይም 11 ይሁን፣ ከብረቱ ጠርዝ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ሮንዴላ ደራርበው አይሙሉ፤ ይላላል። አንድ ወፍራም ብረት ይቆረጥ። ቱቦላሬ ከተጠቀሙ ብሎኑ በሚያልፍበት ቦታ ውስጡ ቁራጭ ቧንቧ ይግባ፤ አለበለዚያ ሲጠብቅ ቱቦላሬው ይጨፈለቅና ከሳምንት በኋላ ብሎኑ ይፈታል።

ብዙ ዳዶ የሚበላሸው በብሎን ስህተት ነው። የቶዮታ የወንበር ብሎን 10 ሚሊ ሆኖ ጥርሱ 1.25 (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር)፣ ማለትም ቀጭን ጥርስ ነው፤ ጭንቅላቱ በ14 ቁልፍ ይፈታል። ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገዙት ተራ ባለ 10 ብሎን ግን ጥርሱ 1.5፣ ጭንቅላቱ በአብዛኛው 17 ነው። አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይከብዳል፤ በቁልፍ ከገፉት የወለሉን ዳዶ ጥርስ ይልጠዋል። ስለዚህ የወለሉን የድሮ ብሎኖች አይጣሉ። መሸጋገሪያው ስላወፈረው ረዘም ያለ ካስፈለገ 1.25 ብለው ይጠይቁ፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 (የብረቱ ጥንካሬ ምልክት) የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ዳዶው ውስጥም ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ይግባ። አራቱንም በእጅ ካስጀመሩ በኋላ ወንበሩን ከፊት እስከ ኋላ አንሸራተው ሁለቱም ሐዲዶች እኩል «ቀጭ» ማለታቸውን ይስሙ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ብዙ የቶዮታ ወንበሮች፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) ሲለካ፣ 37 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚጠብቁት።

የቪትዙ ቀበቶ መቆለፊያ ወንበሩ ላይ የታሰረ ከሆነ አውርደው የሃይሉክሱ ወለል ላይ ያለውን የራሱን ይጠቀሙ። በግጭት ጊዜ የሰውየው ክብደት ጋራዥ ውስጥ በተሠራ መሸጋገሪያ ላይ ከሚያርፍ ፋብሪካው ባሰረው ነጥብ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። የአንዱ መኪና ቀበቶ ምላስ በሌላው መኪና መቆለፊያ ውስጥ የገባ ቢመስልም ላይቆልፍ ስለሚችል አያቀላቅሉ። ቀበቶ ቆርጦ ማሰፋት ፈጽሞ አይደረግም።

የወንበሩ መደገፊያ ጎን ላይ የኤርባግ ጽሑፍ፣ ሥሩም ቢጫ ሶኬት ካለ ውስጡ ያልፈነዳ ኤርባግ አለ ማለት ነው። ሽቦውን በቴስተርም በመብራትም አይሞክሩት፣ ከባትሪ ጋር አያገናኙት፣ አጠገቡ አይበይዱ። ሻጩ ኤርባግ በሌለው ቢለውጥልዎ ይመረጣል።

ወንበር ያልገዛችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ መጀመሪያ የድሮውን ገልብጣችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሰበረ የሽቦ ስፕሪንግና የተፈረፈረ ስፖንጅ ብቻ ነው። ስፕሪንጉ ይጠገን፣ ላዩ ላይ ወፍራም ጆንያ ይነጠፍ (ሽቦው ስፖንጁን እንዳይቆርጥ)፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ በማስቲሽ ይለጠፍ። የፍራሽ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ደስ ይላል፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ ግን ሊጥ ይሆናል። ልብሱ ጨርቅ ይሁን፤ የባሕር ዳር ሙቀት ላይ ፕላስቲክ ቆዳ ጀርባን ያልባል። በዋጋም በሥራም ይህ ይቀላል፤ እኔ ብሆን ከዚህ ነው የምጀምረው። አንድ ወጥ የሦስት ሰው ወንበር ያለው ነጠላ ጋቢና ከሆነማ በሁለት ነጠላ ወንበር መቀየሩ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የሰው ልክ ጋር ስለማይገጥም ለቦሎ ምርመራ ጣጣ ያመጣል።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ምንጣፉን ሳይመልሱ የወለሉን ዝገት በብረት ብሩሽ ያጽዱ፣ አንቲረስት ይቀቡ፣ ደርቆ ይደር። አንድ ጊዜ ወረታ ደርሰው ሲመለሱ አራቱንም ብሎኖች በ14 ቡሶላ ደግመው ይሞክሩ፤ ምንጣፉን የሚመልሱት ከዚያ በኋላ ነው።