ሽጉጥ ሲያቀባብሉ እጅን ከጉዳት መጠበቅ

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። የታጠቅሁት ድርጅቱ ፈቃድ ያወጣበትን ማካሮቭ ሽጉጥ ነው። ከተረኛ ስረከብና ለተረኛ ሳስረክብ የሽጉጡን የላይኛውን ክፍል በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቆንጥጬ ወደ ኋላ ስስበው የአውራ ጣቴ ሥር ክፉኛ ያመኛል፤ አንዳንዴም መዳፌን ይልጠዋል። ባልደረቦቼ «ጉልበት ስለሌለሽ ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የአያያዝ ይመስለናል። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ማካሮቭ፣ በተኩስ ጊዜ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ከበርሜሉ ጋር አይቆላለፍም፤ የሚይዘው የራሱ ክብደትና በበርሜሉ ዙሪያ የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሞላው ጠንካራ ነው። ያንን ኃይል በሁለት ጣት ቆንጥጦ መሳብ የማንንም ሰው የአውራ ጣት መገጣጠሚያ ሊጎዳ ይችላል።

አስቀድመው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፤ ከእጀታው ግርጌ ያለውን መያዣ ገፍተው ካዝናውን (ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን ክፍል) ያውጡ። ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበሉ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይተካል፤ ቅደም ተከተሉን በፍጹም አይለውጡ። ከዚያ ሴፍቲውን (ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚያግደውን ማንሻ) ወደ ታች ያውርዱ። ሴፍቲው ወደ ላይ እንዳለ የላይኛው ክፍል ስለሚቆለፍ፣ ከተቆለፈ ሽጉጥ ጋር መታገል እጅን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ሽጉጡን ክርንዎን አጥፈው ወደ ደረትዎ ያቅርቡ። የግራ መዳፍዎን ከላይ አሳርፈው አራቱን ጣቶች በቀኝ ጎን፣ የአውራ ጣትዎን ሥር ሥጋ በግራ ጎን አድርገው፣ ከቀለህ መውጫው ኋላ ጨብጠው ይያዙ። መውጫውን በመዳፍዎ ከሸፈኑት ቆዳዎን ይቆነጥጣል፣ ጥይቱም መውጫ ያጣል። መዳፍዎን የሚልጠው በግራ ጎን፣ ከኋላ የሚገኘው የሴፍቲው ዘንግ ሳይሆን አይቀርም፤ እጅዎን ከእሱ ጥቂት ቀደም አድርገው ያሳርፉ። ከዚህ በኋላ ግራ እጅዎ ባለበት ይጽና፤ ቀኝ እጅዎ እጀታውን በአንድ ፈጣን ግፊት ወደ ፊት ይግፋ። የደረትና የትከሻ ጡንቻ ሥራውን ስለሚካፈል ጣቶችዎ ያርፋሉ። በዚህ አያያዝ አፈሙዙ ወደ ግራ፣ ወደ ራስዎ ክንድ ወይም ወደ ባልደረባዎ መዞር ይቀናዋልና፣ አፈሙዙን ባለበት ትተው ሰውነትዎን ወደ ጎን ያዙሩ።

ባልደረባዎ እንዲያቀባብልልዎ አይፍቀዱ። ማቀባበል የማይችል ሰው ጥይት ማውጣትም አይችልምና፣ ያ ልማድ ለእርስዎም ለሌሎችም አደገኛ ነው። በባዶ ሽጉጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ኃላፊዎ ባሉበት ይለማመዱ፤ ዘይት ካለም እጅዎንና የላይኛውን ክፍል በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። አያያዙን አስተካክለውም የአውራ ጣትዎ ሥር ሕመም ካልተወዎ፣ መገጣጠሚያው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ።