«ሐረር ቀረች» እያሉ ያሙኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በቅርቡ ለስልጠና ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ድሬዳዋ ሄደን ነበር። ቅዳሜ ስልጠናው በግማሽ ቀን አለቀና «ሐረር ወጥተን ጅብ ሲበላ አይተን እንመለስ» ተባለ። ሹፌሩ ደክሞት ስለነበር የቡድን መሪያችን ቁልፉን ተቀብሎ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ራሱ ነዳ። ጅቡን አየን፣ ደስ ይል ነበር። ከዚያ እራት፣ ከእራት በኋላ ቢራ፣ ከቢራው በኋላ ደግሞ ሌላ ቤት። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «በሉ እንውረድ» ሲል ሰውዬው ቁልፉን ከኪሱ ማውጣት እንኳን አቅቶታል። አልገባም አልኩ። ለመኑኝ፣ ሳቁብኝ፣ ከዚያ ተቆጡ። እኔም በሰው ፊት «ሰካራም!» አልኩት። ጥለውኝ ሄዱ። ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ አገሩን አላውቀውም፣ ብርዱ ሌላ። ደግነቱ የቤቱ አስተናጋጅ ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ አልጋ የሚያከራዩ እናት ጋ ወሰደችኝና እዚያ አድሬ በጠዋት በሚኒባስ ወረድኩ። እነሱ በሰላም ገብተው ቁርስ እየበሉ አገኘኋቸው። አሁን ቢሮ ውስጥ «እሷማ ሐረር ቀረች» ይባላል፣ ከማን ጋር እንደቀረሁ ሁሉ ወሬ ተፈጥሮለታል። መሪያችን ደግሞ «ቡድኑን የበተንሽው አንቺ ነሽ፣ ይቅርታ ጠይቂ» ይለኛል። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? አሁንስ ምን ላድርግ? ለአልጋ የከፈልኩትንስ ከቢሮ ልጠይቅ?
ሐረር የቀረችው

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ! እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ያንን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት ነው የኖርኩት፣ እና አንቺን ይቅርታ ጠይቂ የሚል ሰው ደንገጎን በሌሊት ቁልቁል ወርዶ አያውቅም፣ ወይም ወርዶም ምን እንዳለፈ አላየም ማለት ነው።

መንገዱን ላላወቀ ልንገር። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ግን ደጋው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ይጠጋል፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ ላይ ናት፣ እና ያ ሁሉ ልዩነት ተጠራቅሞ የሚወረደው ደንገጎ ላይ ነው። መጠምዘዣ በመጠምዘዣ፣ ጎኑ ገደል። ክረምት ከሆነ ጉሙ ከፊትሽ ያለውን መኪና መብራት ይውጠዋል። በዚያ ላይ መንገዱ ላይ ያለው የአወዳይ የጫት ገበያ በሌሊትም የማይተኛ ነው፣ ጫቱ ደግሞ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት፣ ስለዚህ የጫት መኪና ከኋላሽ ሲመጣ በደህና የሚነዳ ሹፌር እንኳን ዳር ይዞ ያሳልፈዋል። ቁልፉን ከኪሱ ማውጣት ያቃተው ሰው ይህን ሁሉ ሊያደርግ ነው?

«በሰላም ገባን እኮ» ይሉሻል። እሰየው፣ እንኳን ገቡ። ግን ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚገቡ ማንም አያውቅም ነበር። አንቺ የወሰንሽው ያኔ በነበረው ሁኔታ ነው።

ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር ላልሽው፣ ያደረግሽው ልክ ነው። ሚኒባሶቹ ሲመሽ ያቆማሉ፣ ባጃጅ ደግሞ ከተማ ውስጥ እንጂ ያን መንገድ አይወርድልሽም፣ የማታውቂውን ላዳ በሌሊት ኮንትራት ይዘሽ ብቻሽን ከምትወርጂ ማደር ይሻላል። ጁገል ውስጥ የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ፣ የቤቱ እናት እዚያው ናቸው፣ ስለዚህ ለሴት ልጅ ከብዙ ሆቴል የተሻለ ነው። አንድ ነገር ልጨምር ብል ድሬ ወዳረፋችሁበት ሆቴል መደወል ነበር፤ አንድም የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፣ አንድም እንግዳ መቀበያው ላይ ያሉት የሚያውቁትን ሹፌር በጠዋት ሊልኩልሽ ይችላሉ። የሚያስፈራራሽ ሰው ቢኖር ኖሮ ደግሞ ፖሊስ 991 ነው። ሌላው ከመውጣታችሁ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። ማን ነው የማይጠጣው? በስንት ሰዓት ነው የምንመለሰው? ይህ ሳይጠየቅ ሐረር መውጣት የለም፣ ጅቡ የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ወሬው። እኔ እንደሚመስለኝ ወሬው ዝም ብሎ የተነሳ አይደለም። አስቢው። ሹፌሩ ሳይኖር የመሥሪያ ቤት መኪና ለግል ጉዳይ ወጥቷል፣ ጠጥቶ ተነድቷል፣ አንዲት ባልደረባ በማታውቀው ከተማ እኩለ ሌሊት ላይ ተጥላለች። ስለ አንቺ ካልተወራ ስለ መኪናው ሊወራ ነው። «ከማን ጋር ቀረች» የሚለው ጥያቄ እስካለ ድረስ «መኪናውን ማን ነዳው» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህንን ከያዝሽ ንዴቱ ራሱ ይቀንስልሻል።

ስለዚህ እየዞርሽ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» አትበይ። ማስተባበል ወሬውን ያሳድገዋል። ሰውዬውን አንድ ጊዜ፣ ብቻውን ሳይሆን አብራችሁ ከነበሩት አንዱ ባለበት አናግሪው፦ «ጠጥተህ ስለነበር አልገባሁም፣ የት እንዳደርኩ የሚመሰክሩ ሰዎች አሉ፣ ወሬው ካልቆመ ጉዳዩን ለሰው ሀብት በጽሑፍ አቀርባለሁ፣ የማቀርበው ደግሞ መኪናው ከወጣበት ጀምሮ ነው።» በቃ። አትጩሂ፣ አታልቅሺ፣ መልሱንም አትጠብቂ። ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያልቃል። ካላለቀ ያልሽውን አድርጊ፣ ባዶ ማስፈራሪያ አይሁን። ስትጽፊ ሰካራም ምናምን አትበይ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ብቻ ጻፊ። ያከራዩሽ እናት ደረሰኝ ሰጥተውሽ ከሆነ ፎቶ አንሽው።

አብረውሽ ከነበሩት መካከል ያኔ ሊገባ አመንትቶ የነበረ ሰው ትዝ ይልሽ እንደሆነ አስቢ። ሁልጊዜ አንድ አለ። ፈርቶ የገባ ሰው ነው ያንቺ ምስክር፣ ግን አትጎትችው፣ ቡና ጋብዢውና ራሱ እስኪያወራ ጠብቂ።

«ሰካራም» ስላልሽው ይቅርታ ጠይቂ ከተባልሽ... ቃሉ በሰው ፊት ደስ አይልም፣ እውነት ነው። እሱ ስለጣለሽ ይቅርታ ሲጠይቅ አንቺም ስለ ቃሉ ጠይቂው። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ።

የአልጋውን ብር ተዪው። ቢሮው ድሬ ላይ አልጋ ይዞልሻል፣ አበልሽም የድሬ ነው፣ ሐረር ላደርሽበት ብትጠይቂ የሒሳብ ክፍሉ «ለምን አደርሽ» ብሎ ሌላ ወሬ ይከፍታል። ብሩን መጠየቅ ካለብሽም ከቡድን መሪሽ ኪስ ነው።