ስሜትና ትዝታ፦ ጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ላይ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ስሜታችን ማሰብና ማስታወስን እንዴት እንደሚነካ የጠየቃችሁኝን እየመለስኩ ነው፤ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። ቤት በቃሌ የምወጣው ነገር ፈተና ላይ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ከክፍል ስወጣ ደግሞ ይመጣል! ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆንክም። ስትጨነቅ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ የተማርከውን አያጠፋውም፣ ማስታወሱን ነው የሚያከብድብህ። ስትረጋጋ የሚመጣልህም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ «ብወድቅስ» የሚለው ሐሳብ ራሱ ቦታ ይይዛል። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ልክ ከፈተናው በፊት 10 ደቂቃ ያህል ጭንቀታቸውን በወረቀት ያሰፈሩ ፈተና የሚፈሩ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ሞክረው፣ ከዚያ ቅደደው።

ጥያቄ፦ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ፣ በዚያ ጉም፣ አይሱዙ ሲገለበጥ ከወንድሜ ጋር አይተናል። እኔ ሸራው ሰማያዊ ነበር እላለሁ፣ እሱ አረንጓዴ ነው ብሎ ይምላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ምናልባት ሁለታችሁም አይደላችሁም! ስንደነግጥ አሚግዳላ የምትባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ጎረቤቷን፣ ትዝታ የሚመዘግበውን ሂፖካምፐስን፣ «ይሄን አጥብቀህ ያዝ» ትለዋለች፤ ስለዚህ ዋናው ነገር፣ መገልበጡ፣ አይረሳም። ዳር ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፣ የጎደለውን አእምሮ በግምት ይሞላዋል፣ ባለቤቱም አያውቅም። በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትፈነዳ፣ ናይሰርና ሃርሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ወሬውን የት ሆነው እንደሰሙ ተማሪዎችን በማግስቱ አጻፏቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይተው ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ ሌላ ታሪክ ነገሯቸው፣ ያውም እርግጠኛ ሆነው። የገዛ የእጅ ጽሑፋቸውን እያዩ እንኳ «አይ፣ እንዲህ ነው የነበረው» ያሉ ነበሩ። እናም ወንድምህ ቢምልም ማስረጃ አይሆንም፣ አንተም ብትምል ያው ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስትናደድ የድሮ ጥፋቴን ሁሉ ትዘረዝራለች። ሆን ብላ ነው?

መልስ፦ ሲከፋን የከፋው ትዝታ ቀድሞ ይመጣል፤ ደስ ሲለን ደግሞ ደስ የሚለው። ሲበርድላት ደጉንም ታስታውሳለች። (ውሸቷን ነው ግን አላልክም፣ ወንድሜ።)

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፈ ወዲህ እረሳለሁ። ድስት ጥጄ እወጣለሁ። የመርሳት በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ልብ ያላልነውን ደግሞ መጀመሪያውኑ አንይዘውም። እንቅልፍ ማጣትም ያባብሰዋል። እየባሰ ከሄደ ወይም ሥራሽን ካስተጓጎለ ግን ሐኪም ይይሽ። ለጊዜው ድስት ስትጥጂ የስልክሽን ደወል ሙይ።