መልስ፦ ለክራብግራስ መድኃኒቱ መቼ ይበተን?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላሉት ጠያቂ፦ ባለፈው ሐምሌ ክራብግራስ የሚባለው አረም የግቢ ሣርዎን ወርሮት ዘንድሮ መከላከያውን መቼ እንደሚበትኑ ጠይቀዋል።

ቀን ከመቁጠር አፈሩን መለካት ይሻላል። የክራብግራስ ዘር መብቀል የሚጀምረው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው አፈር ለተከታታይ ቀናት 55 ዲግሪ ፋራናይት ሲሞቅ ነው። በእናንተ አካባቢ ይህ በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻ ገደማ ይሆናል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ፎርሲቲያ የሚባለውን ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ይመልከቱ፤ አበባው ሳይረግፍ ሥራዎን ይጨርሱ።

ፕሮዳያሚን ወይም ፔንዲሜታሊን የሚባል ፀረ አረም ኬሚካል ያለበትን መከላከያ ይግዙ። እነዚህ ዘሩን አይገድሉም፤ የሚያቆሙት ገና ሥር ማውጣት የጀመረውን ቡቃያ ነው። ስለዚህ የበቀለ አረም ላይ ቢበትኗቸው ገንዘብዎን መጣል ነው፤ ከሥሩ በየዓመቱ የሚያቆጠቁጠውን ዳንዴላይን የሚባል አረምም አይነኩም። መጠኑ ከማሸጊያው ጽሑፍ እንዳያልፍ። ከበተኑ በኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያጠጡ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ሣሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒቱንም አዲስ የሣር ዘርም በአንድ ሳምንት በተንኩ። አንድም አልበቀለልኝም! መድኃኒቱ አረምና ሣር አይለይም። የሳሳውን ቦታ በመስከረም ይዝሩበት።

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ ፀረ አረሞች በመኖሪያ ቤት ሣር ላይ መጠቀም በሕግ ተከልክሏል። ሣሩን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስረዝሞ ማጨድ ግን ማንም አይከለክልም፤ ጥላው ራሱ ብዙ ዘር ያፍናል።