ሽታው ጨርቁ ላይ አይደለም

ጥያቄዎ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ድመትዎ ሶፋው ላይ ሸንታለች። ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰዋል፣ አቼቶ ረጭተዋል፣ ሰው ከፍለውም በእንፋሎት አሳጥበዋል። ለጥቂት ቀን ደህና ይሆንና ዝናብ ሲመጣ ወይም ሰው ሲቀመጥበት ሽታው ይነሳል። አሁን ቤት ባለ ነገር የሚሆን መላ ይፈልጋሉ።

ሰው ሲቀመጥ የሚነሳ ሽታ ከስፖንጁ ነው የሚመጣው። እስካሁን የታጠበው ጨርቁ ብቻ ነው። ዚፑን ከፍተው ስፖንጁን ያውጡና ያገላብጡት። ቢጫ ቀለበት ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ ካለው እድፍ ይሰፋል። በእንፋሎት ያጠበው ሰው ደግሞ አባብሶታል። ሙቀት እድፉን ያጣብቃል፣ ውሃው ሽንቱን ወደ ታች ይነዳል። ላዩ ላይ ሽቶ ነፍቶ ሄዶ ከሆነም አይገርመኝም።

ለምን እንደሚመለስ ልንገርዎት፣ ይቺን ማስረዳት ደስ ስለሚለኝ። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ። ባክቴሪያ ሲያብላላው አሞኒያ ይሆናል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አሞኒያውን ዝም ያሰኘዋል፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ የተሳካ የሚመስለው። እዚያው ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ሲደርቅ እንደ ደቃቅ ጨው ስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣል፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥርም ሽታው ይቀሰቀሳል። የድመት ሽንት በዚያ ላይ ድኝ ያለባቸው ጠረኖች አሉት። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሲሆንማ አይጣል ነው። እነዚህን አቼቶ አይነካቸውም።

አቼቶና ሶዳ ቀላቅሎ አረፋውን ማየትም ትርጉም የለውም። አንዱ ሌላውን ያጠፋል፤ የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው።

ስለዚህ ለያይተው ይሥሩ። የሶፋው ልብስ መታጠብ የሚችል ከሆነ አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር አድርገው ይዘፍዝፉትና በሳሙና ይጠቡት። ለስፖንጁ 1 ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል ማጽጃ)፣ ሩብ ኩባያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይቀላቅሉ። ወዲያው ይጠቀሙበት። የተረፈውን ይድፉት፤ ጠርሙስ ውስጥ ከዘጉበት ጋዙ ያፈነዳዋል። ቀለበቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ከዳሩም አንድ ስንዝር አልፈው ውስጡ እስኪገባ ያፍሱ። ሩብ ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ እያጠጡ በፎጣ ይጭመቁት። ልብሱ ላይ ሊሞክሩት ካሰቡ ቀለም ይነጥቃልና መጀመሪያ ከማይታይ ጥግ ይፈትኑት። አቼቶ ካለበት ጋርም አያገናኙት።

በረኪና ግን በፍጹም! ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ።

ማድረቁ ላይ ሰው ይሰንፋል። ስፖንጁን በጎኑ አቁመው ፋን ይልቀቁበት። ደረቅ ሶፍት መሃሉ ላይ አጥብቀው ይጫኑ፤ ከረጠበ ገና ነው። እርጥቡን ካለበሱት ይሻግታል። ሶዳ መነስነስ የሚጠቅመው አሁን ነው፦ ማታ ነስንሰው ጠዋት በቫኪዩም ይሳቡት።

ቀለበቱ በታች በኩል ከወጣ ወይም ስፖንጁ በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ከሆነ ጉልበትዎን አይጨርሱ፣ ይቀይሩት። ርካሹ ስፖንጅ ሽንት ይጠጣል እንጂ ሰው አይሸከምም። ለመቀመጫ በሜትር ኩብ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነውን ይጠይቁ። ሶፋውን ገልብጠው የታችኛውን ስስ ጨርቅ የያዙትን ትንንሽ የስቴፕለር ሽቦዎች በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ነቅለው እንጨቱንም ያሽትቱ። እንጨቱ ከሸተተ በዚያው ድብልቅ ይጥረጉት። እዚያም በረኪና የለም።

ሽታ ይሸፍናል ብለው መዓዛማ የዕፅዋት ዘይት (ኢሴንሻል ኦይል) አይርጩ፤ ብዙዎቹ ለድመት መርዝ ናቸው። ድመቷ ከሳጥኗ ውጪ መሽናት የጀመረችው በቅርቡ ከሆነ ደግሞ የፊኛ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሶፋውን መልሰው ከማልበስዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይያት።