መልስ፦ ለሲ (C) ኮድ የተሰጠ የራስት (Rust) ስትራክት የሊነክስ ከርነልን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ለምን ይጥለዋል?

ስህተቱ ያለው ሊስት_ሄድ (የሲ ኮድ የከርነሉን ዝርዝሮች የሚያያይዝበት መዋቅር) የያዘውን ስትራክት (የመስኮች ስብስብ) ስታክ (ፋንክሽን ሲያበቃ የሚለቀቅ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ አስጀምረው ወደ ኬቦክስ (ሂፕ ላይ የተመደበ ቦታ የሚይዝ የራስት ዓይነት) ማዛወርዎ ላይ ነው። ባዶ ሊስት_ሄድ ኔክስት እና ፕሬቭ የተባሉት ጠቋሚዎቹ የሚያመለክቱት ራሱን ስለሆነ፣ ራስት ባይቶቹን ወደ ሂፕ (ፋንክሽን ካበቃም በኋላ ወደሚቆይ ማህደረ ትውስታ) ሲገለብጥ ጠቋሚዎቹ የድሮውን የስታክ አድራሻ እንደያዙ ይቀራሉ፤ ሲም አዲስ አባል ሲጨምር የሌላ ፋንክሽን ስታክ ላይ ይጽፋል። ከዝውውሩ በኋላ ኢንቱ_ፒንን (ዋጋውን ፒን የሚያደርገውን፣ ማለትም ካለበት አድራሻ እንዳይነሳ የሚያስረውን ፋንክሽን) መጥራትዎ አልረዳዎትም፤ ፒን ከዚያ ወዲያ መንቀሳቀስን ይከለክላል እንጂ ያለፈውን አያርምም።

ስለዚህ፦

1. የሲውን መስክ በኦፔክ (ኮምፓይለሩ ስለ ውስጡ እንዳይገምት በሚያደርግ መጠቅለያ ዓይነት) ይጠቅልሉት። ይህ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ያለ እሱ ኮምፓይለሩ ለመለወጥ በሚያስችል ሪፈረንስ (&mut) የተያዘውን ዋጋ ሌላ ማንም አይነካውም ብሎ ስለሚገምት፣ ሲ ከጀርባ የለወጠውን ላያነብብ ይችላል።

2. መስኩ ከቦታው መነሳት እንደሌለበት ለመግለጽ ስትራክቱ ላይ ፒን_ዳታ፣ መስኩ ላይ ፒን የሚሉትን ምልክቶች ያኑሩ።

3. ኬቦክስ::ፒን_ኢኒትን ይጠቀሙ፤ ሂፕ ላይ ቦታ ከተመደበ በኋላ የሲው ማስጀመሪያ በኦፔክ::ኤፍኤፍአይ_ኢኒት በኩል የመጨረሻውን አድራሻ ይቀበላል።

በኮድ ግምገማ ላይ ደጋግሜ የማየው ግን የማፍረሻው ጉዳይ ነው። ፒን ማድረግ ማህደረ ትውስታው እንዳይለቀቅ አያግድም። ሲ አድራሻውን እንደያዘ ኬቦክሱ ከተጣለ የሚቀጥለው ንባብ የተለቀቀ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በፒንድ_ድሮፕ (ፒን የተደረገ ስትራክት ሲጣል በሚሠራው የማፍረሻ ኮድ) ውስጥ በመጀመሪያ ከሊስቱ ያስወጡት፣ ወርክ_ስትራክት (ከርነሉ በኋላ የሚያስኬደው ሥራ) ካለም ሥራውን የሚሰርዘውን ካንስል_ወርክ_ሲንክ ጠርተው ሥራው እስኪያበቃ ይጠብቁ።