ከወርድ የመጣ ጽሑፍ ድረ ገጹን ሲያበላሽ፦ የትኛው ኤዲተር ይሻላል?

ጥያቄው ከጅማ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ላራቬል በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ገጽና ማስተዳደሪያ እየሠራሁ ነው። ጽሑፍ የሚያስገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጽፋሉ። ጸሐፊዋ ሁሉንም በወርድ ጽፋ ኮፒ ፔስት ታደርጋለች። ገጹ ላይ ሲወጣ አንዱ መስመር ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይሆናል። አንዳንዱ ጭራሽ አይነበብም። አሁን ያስገባሁት የጽሑፍ መጻፊያ ሳጥን (ኤዲተር) ሲኬኤዲተር 4 ነው። ወደ ታይኒ ኤምሲኢ፣ ወደ ኩዊል ወይስ ወደ ኤዲተር ጄኤስ ልቀይር?»

ወንድሜ፣ እኔም የምሠራው እዚሁ ጅማ ስለሆነ ችግሩን በደንብ አውቀዋለሁ። የጻፍክልኝ ግን ሁለት የተለያየ ችግር ነው። አንዱን ኤዲተር ይፈታዋል፤ ሌላውን የትኛውም ኤዲተር አይፈታውም። ከማይፈታው ልጀምር፤ አለዚያ ኤዲተር ስትቀያይር ትከርማለህ።

«አይነበብም» ያልከው ምን መስሎ ነው የሚወጣው? የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ጥፋቱ የዳታቤዙ ነው። ሠንጠረዡ ላቲን 1 በሚባለው አሠራር ተከፍቶ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደል መያዝ አይችልም። ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ቀይረው። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን አይመለስም፤ እንደገና መግባት አለበት።

የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከወጣ ደግሞ ጽሑፉ በድሮው የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፎንት፣ ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ አንድ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውጭ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ወርድ ላይ አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጽሑፉን ወርድ ላይ ምረጥና ፎንቱን ወደ ኒያላ (የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት) ቀይረው። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው። ከተዝረከረከ ዩኒኮድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም ግን በየቢሮው በድሮው መንገድ የሚጻፍ ሰነድ አለ። ከጸሐፊዋ ጎን ተቀመጥና ኪቦርዷን ወደ ዩኒኮድ አዙርላት። ልምዷን የሚያስቀይር ነገር ስለሆነ ቀስ ብለህ፣ በአክብሮት አስረዳት።

አሁን ወደ ኤዲተሩ እንምጣ።

ብዙ ሰው ኤዲተር የሚመርጠው የቁልፉን ብዛት አይቶ ነው። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት በሠራሁት ገጽ ላይ የፎንት፣ የቀለም፣ የመጠን፣ የማሰለፊያ ቁልፍ አንድም ሳላስቀር አስገባሁ። ደንበኛው ደስ አለው። በሁለተኛው ዓመት የገጹን መልክ ልቀይር ስገባ እያንዳንዱ አንቀጽ የየራሱን ፎንትና ቀለም ተሸክሞ ተቀምጧል። አዲሱ ዲዛይን ምንም ሊያዝዛቸው አልቻለም። አንድ በአንድ ሳጸዳ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ኤዲተር ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ከወርድ የመጣ ጽሑፍ ሲለጠፍበት ዳታቤዝ ውስጥ ምን ያስቀራል?

በዚህ መለኪያ ለአንተ ሥራ የምመርጥልህ ሲኬኤዲተር 5 ነው። ስሙ ካለህ ጋር ቢመሳሰልም አሠራሩ ሌላ ነው። 5 ጽሑፉን የሚያየው አንተ በከፈትክለት ተሰኪ (ተጨማሪ ክፍል) ልክ ብቻ ነው። የፎንት ተሰኪ ካላስገባህ ፎንት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ከወርድ የመጣው የፎንትና የቀለም ጣጣ ሲለጠፍ ራሱ ይረግፋል። ርዕሱ፣ ደማቁ፣ ዝርዝሩ፣ ሠንጠረዡ ይቀራል። ከወርድ ሲለጠፍ የሚያስተካክለው መሠረታዊ ተሰኪም በነጻው ውስጥ አለ።

4ም ቢሆን እንዲህ ያለ ማጣሪያ አለው። የአንተ የተበላሸው ወይ ሙሉውን ቶልባር (የቁልፎቹን መደዳ) ስለከፈትክ ነው፣ ወይ ማጣሪያውን በኮድ ስለዘጋኸው። ብዙዎቻችን አንድ ነገር አልለጠፍ ሲለን ቶሎ ብለን የምንዘጋው እሱን ነው። ሆኖም 4ን ለመጠገን አትድከም። ነጻው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ጥገና የሚያገኘው የሚከፍል ብቻ ነው።

ታይኒ ኤምሲኢ ጥሩ ኤዲተር ነው። ግን የወርድን ጽሑፍ በደንብ የሚያጸዳው ፓወርፔስት የሚባለው ተሰኪ የሚከፈልበት ነው፤ የአንተ ዋና ችግር ደግሞ እሱ ነው። ከተጠቀምክበትም አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የፊደል አቀማመጡን ወደ ቁጥር የሚቀይር ምርጫ አለው። እሱ ከተከፈተ አንዷ «አ» በዳታቤዝ ውስጥ ሰባት ምልክት ትሆናለች። ገጹ ላይ በትክክል ትታያለች፤ ፍለጋ ላይ ግን አትገኝም። «ጥሬ» (raw) የሚለውን ምረጥ።

ኩዊል ቀላልና ፈጣን ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ማኅበሩ የእሸትና የጀንፈል ቡና ዋጋ በሠንጠረዥ መለጠፉ አይቀርም፤ ኩዊል ደግሞ ሠንጠረዥ ላይ ደካማ ነው። ኤዲተር ጄኤስ የሚያወጣው ገጽ ሳይሆን ጄሰን የሚባል የመረጃ አጻጻፍ ነው። ወደ ገጽ የሚቀይረውን ኮድ ራስህ ጽፈህ ራስህ ትጠብቀዋለህ። ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ይቅርብህ።

ቶልባሩን አሳጥረው። ሁለት ደረጃ ርዕስ፣ ደማቅ፣ ሊንክ፣ ዝርዝር፣ ሠንጠረዥ፣ ምስል፣ መመለሻ። በቃ። «ቀይ ቀለም የለውም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። እሺ እንዳትል። ማስታወቂያ ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ «ማስታወቂያ» የሚል አንድ ስታይል አዘጋጅላቸው፤ መልኩን አንተ ከሲኤስኤስ (የገጹን መልክ ከሚወስነው ኮድ) ትወስናለህ።

ምስል ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኩዊል እንዳለ ሲወሰድ፣ ሲኬኤዲተር 5 ደግሞ ቤዝ 64 የሚባለው አስጫኝ ከተሰጠው፣ ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ቀይረው ከአንቀጹ ጋር ዳታቤዝ ውስጥ ይከቱታል። መጠኑም በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 3 ሜጋባይት የነበረው ወደ 4 ይጠጋል። ላራቬል ላይ «ቴክስት» ብለህ የከፈትከው የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ዓምድ ደግሞ የሚይዘው 65,535 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ያለ ምንም ኮድ እንኳ ከ21,845 ፊደል አያልፍም። ፎቶ ሲጨመርበት ወይ ስህተት ይሰጥሃል፣ ወይ ጽሑፉ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ዓምዱን «ሎንግቴክስት» አድርገው። ፎቶው ወደ ፎልደር እንዲጫን፣ ጽሑፉ ውስጥ አድራሻው ብቻ እንዲገባ አድርግ። ሲጫንም ራሱ እንዲያንስ ይሁን። ከጎማ ወይ ከጌራ ወረዳ በስልክ የተነሳ ፎቶ በዚያ ኔትወርክ እንዳለ ሲወጣ ሰውየውን ያሰለቸዋል።

ኤዲተሩን ከውጭ ሰርቨር አትጥራው፤ አውርደህ ራስህ ጋ አስቀምጠው። ኔትወርክ ሲደክም ቶልባሩ ሳይመጣ ይቀርና ባዶ ሳጥን ይታያቸዋል። መብራት ሲጠፋ ሥራቸው እንዳይጠፋም በየጥቂት ሰከንዱ ረቂቁን የሚያስቀምጥ ኮድ ጨምር። ሲኬኤዲተር 5 ለዚህ ተሰኪ አለው፤ የት እንደሚቀመጥ የምትነግረው አንተ ነህ።

ለአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ሁዳን (በቃል መሐል የምትገባዋን ጭረት) አስብ። ቀጥ ያለችውን ጭረት ወደ ጎባጣ ጥቅስ በራሱ የሚቀይር ነገር ካለ ዝጋው። አንድ ቃል በሁለት ዓይነት ጭረት ከተቀመጠ ፍለጋ ላይ ሊለያይ ይችላል።

ደኅንነቱን ለኤዲተሩ አትተው። ኤዲተሩ ያለው ብራውዘር ላይ ነው፤ ክፉ ሰው አልፎት በቀጥታ ወደ ሰርቨርህ ሊልክ ይችላል። የሚመጣውን ሁሉ ከማስቀመጥህ በፊት ኤችቲኤምኤል ፒዩሪፋየር በሚባለው የሰርቨር ማጣሪያ አጣራ። የምትፈቅዳቸው ታጎች (የገጽ ኮድ ምልክቶች) ቶልባሩ ላይ ካሉት ጋር ይመሳሰሉ።

ፈቃዱን ሳላነሳ አላልፍም። የሲኬኤዲተር 5 ነጻው ፈቃድ ጂፒኤል (ስታሰራጨው ኮድህንም ክፍት እንድታደርግ የሚጠይቅ) ነው፤ ጥጉ ላይም ትንሽ አርማ ያሳያል። ማስተዳደሪያህን ኮዱን ዘግተህ ለሌሎች ማኅበራት ልትሸጥ ካሰብክ ግን ከአሁኑ አንብበው። ያኔ ኤምአይቲ የሚባል ልል ፈቃድ ያለው ቲፕታፕ የተባለ ኤዲተር ይሻልሃል፤ ቁልፎቹን ግን ራስህ ነህ የምትሠራቸው።

ከመወሰንህ በፊት ከጸሐፊዋ አንድ እውነተኛ የወርድ ፋይል ተቀበል። ርዕስም፣ የዋጋ ሠንጠረዥም፣ ፎቶም ያለበት ይሁን። ባዶ ገጽ ላይ ለጥፈው፣ አስቀምጠው፣ ከዚያ ዳታቤዙን ከፍተህ የቀረውን ኮድ በዓይንህ እይ። «ስታይል» የሚል ቃል ከታየህ ቶልባርህን ወይም ማጣሪያህን እንደገና ፈትሽ። የቆዩትንም ጽሑፎች በዚያው ፒዩሪፋየር ማሳለፍ ትችላለህ። መጀመሪያ ግን የዳታቤዙን ቅጂ በፍላሽ ያዝ።